ስለ ተመለሰው አይሮፕላን

ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እኛ ሰባት ተማሪዎች ከአዲስ አበባ የሚመጡትን እንግዳ መምህር ለመቀበል ወደ ሮቤ አይሮፕላን ማረፊያ ሄደን ነበር። እንግዳው ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ ንግግር እንዲያደርጉልን ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ ወንበር ደርድረናል፤ ድምፅ ማጉያም ተበድረናል። ሜዳው ዘንድ ስንደርስ ግን ጭጋጉ የስንዴውን ማሳ እንደ ጋቢ ሸፍኖት፣ ከአጥሩ ወዲያ የቆመውን ሰው እንኳ በቅጡ መለየት አልቻልንም።

በሰዓቱ የአይሮፕላኑ ድምፅ ከራሳችን በላይ ተሰማ። ወደ ጎባ በኩል ራቀ፤ ዞሮ መጣ፤ ዝቅ ያለም መሰለን። ከዚያ ሞተሩ በኃይል ጮኸና ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ቆይቶም ወሬው መጣ፤ ወሬው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተመልሷል»።

በዚያን ጊዜ በመጠበቂያው ክፍል የተባለውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ለማስፈር አንደፍርም። አንድ ነጋዴ «ይኼ ልጅ ፈሪ ነው!» አሉ። ሌላው ሽማግሌ «ድሮ እኮ በዳኮታ ጊዜ፣ ጭጋጉን እየሰነጠቁ ያርፉ ነበር» ሲሉ መሰከሩ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ትልቅ ሰው ደግሞ ስልካቸውን አወጡና «ቆይ፣ ለእገሌ እደውላለሁ» አሉ። እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን መናገር ይገባናል። እኛም ከነጋዴው ባላነሰ አጉረመረምን፤ ስልክ ያልደወልነውም የምንደውልለት እገሌ ስለሌለን ብቻ ነው።

ካጉረመረሙት ሰዎች ይልቅ ዝም ያሉት ናቸው ከልባችን ያልወጡት። በአንዱ ጥግ አንዲት እናት ታማሚ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር፤ ልጁ ለበለጠ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የተላከ ነው። አይሮፕላኑ መመለሱን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ማንንም አልረገሙም። «እንግዲያስ በመኪና ነው» ብለው ተነሡ። ከሮቤ አዲስ አበባ በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ አድካሚ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ዕቃቸውን ተሸክመው እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው።

ማታ በግቢያችን ክርክር ተነሣ፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ነው። ክርክሩ የጀመረው አንዱ ጓደኛችን «አብራሪው እኒያን እናት ቢያያቸው ኖሮ ያርፍ ነበር» ብሎ በተናገረው ቃል ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ቃል አንገታችንን ነቀነቅን። ነገሩን እያደርን ስናስበው ግን የደረስንበት አሳብ የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ ይኸውም አብራሪው እኒያን እናት ማየት የለበትም የሚል ነው። ጨካኞች ሆነን አይደለም። ከታች ማን እንደሚጠብቀው አውቆ የሚያርፍ አብራሪ፣ መንደርደሪያውን ትቶ የሰውን ፊት የሚመለከት አብራሪ ነው።

የባሌን ሰማይ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ረጅም ማስረጃ አያሻውም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከእሷ ከፍ ትላለች፤ ከጎባ በስተደቡብ የሰኔቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ የቱሉ ዲምቱም ራስ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በመንደርደሪያውና በተራራው ራስ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,900 ሜትር ሲሆን፣ ርቀቱ ግን ለአይሮፕላን የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር በሐረና ደን በኩል ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። በሐረና ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየው ሽበት የዚህ ደመና ልጅ ነው።

ወዲህ በሰሜን በኩል ባለው በሮቤ ሜዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና፣ ንጋት ላይ ጭጋግ ይተኛበታል። ፀሐይ ስትጠነክር ይህ ጭጋግ ይነሣል። ነገር ግን ያችው ፀሐይ ከቀትር በኋላ ደመናውን ክምር በክምር ላይ እየቆለለች ነጎድጓድና በረዶ ታመጣለች። የእኛ አገር ደግሞ በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር የአንድ ወቅት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለአብራሪው የምትቀረው ሰዓት በጠዋቱ ጭጋግና በከሰዓቱ ነጎድጓድ መካከል ያለች ጠባብ በር ናት። ያን ዕለት ጠዋት በሩ ዘግይቶ ተከፈተ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ግቢ ስንመለስ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ የበለጠ አናደደን።

በከፍታው ላይ ያለው አየር መሳሳቱም መታሰብ አለበት። በ2,500 ሜትር የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ሸክም ለመሸከም መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ አንዱ አይሮፕላን በጅቡቲ ከሚያርፍበት ፍጥነት በሮቤ የሚያርፍበት ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ይበልጣል። ለመቆምም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ መንደርደሪያው እርጥብ ከሆነ ይባስ ይረዝማል። አላርፍም ብሎ ወደ ላይ ለመመለስ ሲነሣም ሞተሩ የሚስበው አየር ያንኑ የሳሳውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ በእኛ ሜዳ ላይ የሚዘገይ ውሳኔ በቆላ ሜዳ ላይ ከሚዘገይ ውሳኔ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ነው ሕጉ ቀድሞ የተጻፈው። ለእያንዳንዱ ማረፊያ አብራሪው ከደመና በታች ሳይሆን ሊወርድበት የሚፈቀድለት ዝቅተኛ ከፍታ ተወስኗል። ዛሬ በሳተላይት የሚመራ መሣሪያ እስከዚያ ከፍታ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንደርደሪያውን በዓይኑ ካላየ ወደ ላይ መመለስ ግዴታው ነው። ከራሳችን በላይ የሰማነው ያ የሞተር ጩኸት ይኸው ነበር፤ ፈሪ ያልነው ሰው ሕጉን ሲፈጽም የወጣ ድምፅ! ነዳጁም እንዲሁ በሕግ የተለካ ነው፤ ወደ ታሰበው ቦታ የሚያደርሰው፣ ከዚያ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚወስደው፣ በላዩም ለዛሬዎቹ የተርባይን ሞተሮች ቢያንስ የ30 ደቂቃ ትርፍ። ይህ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ፣ ልብ በረጋበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ምክንያቱም በአየር ላይ ሆኖ፣ ኋላው መንገደኛ ሰዓቱን እያየ፣ ከታች ባለጉዳይ እየጠበቀ የሚወስን ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ራሱን ማታለል ይቀናዋል። «ትንሽ ዝቅ ልበል፤ አሁን ይገለጣል» ይላል።

የዳኮታውን ዘመን ያነሡትን ሽማግሌ አንንቃቸውም። በ1938 ዓ.ም. የአገራችን የሕዝብ በረራ የተጀመረው በእነዚሁ አይሮፕላኖች ነው፤ ጎባም በዓለም የአይሮፕላን መዝገብ ያገኘችው «ጂ ኦ ቢ» የሚለው ምልክት ዛሬም የሮቤ ማረፊያ ምልክት ሆኖ ይኖራል። የቀድሞዎቹ አብራሪዎች ጀግኖች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን የሚተረክልን ጭጋጉን ሰንጥቆ ያረፈው ነው፤ ያላረፈው ተራኪ የለውም።

እስቲ አንድ ያላረፈ እናንሣ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በክረምቱ ልብ፣ ትዊን ኦተር የሚባል ባለ ሁለት ሞተር አነስተኛ አይሮፕላን 16 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ተነሣ። መድረሻው በጋምቤላ ያለው የፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ነበር። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ለአገራችን ብዙ የደከሙት የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ይገኙበታል። አይሮፕላኑ በመጥፎ አየር ውስጥ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተራራ ጋር ተጋጨ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው፤ ከ16ቱ አንድም አልተረፈም። እኛ ማንም አብራሪውን አስገደደ አንልም። የምንለው ሌላ ነው። የዚያ ጉዞ ዓላማ ከየትኛውም ጉዞ ዓላማ የተቀደሰ ነበር፤ በሰፈሩ የሚጠብቁት የተራቡ ሰዎች ነበሩ። ደመናው ግን ስለ ዓላማው አልጠየቀም።

የዚያኑ ዓይነት አይሮፕላን፣ ትዊን ኦተርን፣ በሌላ የዓለም ጫፍ እናግኘው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታ ባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ ሁለት ሰዎች ታመሙ። ወቅቱ የዚያ አገር ክረምት ነው፤ ፀሐይ ለወራት አትወጣም። ሁለት ትዊን ኦተሮች ከካናዳ ተነሥተው፣ በአሜሪካዎች ምዕራብ እየተሸጋገሩ፣ በአንታርክቲካ ጠርዝ ወዳለው ሮቴራ ወደሚባለው የብሪታንያ ጣቢያ ደረሱ። እዚያ የአየሩን ጠባይ መረመሩ። ከዚያ አንደኛው ብቻ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በጨለማ በረረ፤ ሁለተኛው ሮቴራ ቀረ። ለምን ቀረ? የመጀመሪያው ቢወድቅ ፈላጊ እንዲሆን። ከካናዳ ከተነሡ ዋልታው ላይ እስኪያርፉ አንድ ሳምንት ገደማ ፈጀ፤ በሽተኞቹም ይህን ሁሉ ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ በደኅና ወጡ። በዚያ በረዶ ላይ የሚበሩ ሰዎች ሁልጊዜ ይቀናቸዋል ማለታችንም አይደለም፤ በጥር 2005 ዓ.ም. እዚያው አንታርክቲካ ላይ ሌላ ትዊን ኦተር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሦስት ካናዳውያን ሞተዋል።

ከዋልታው በረራ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ከኒው ዚላንድ ወደ አንታርክቲካ ማክመርዶ ጣቢያ የሚበር አይሮፕላን በመንገዱ ላይ አንድ የታወቀ ነጥብ አለው፤ እሱን ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው ነዳጅ አይኖረውም። ስለዚህ እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ የማክመርዶን አየር ይጠይቃል፤ መጥፎ ከሆነ ይመለሳል። ሰዎቹ ለዚህ መመለስ ስም አውጥተውለታል፤ ሲወረውሩት ወደ ወርዋሪው በሚመለሰው በአውስትራሊያ የአደን እንጨት ስም «ቡሜራንግ» ይሉታል። መንገደኛው ለብዙ ሰዓት በርሮ ከተነሣበት ሜዳ ይወርዳል፤ ይሥቃል፤ ነገ እንደገና ይሞክራል። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ግን አንድ የኒው ዚላንድ አየር ኃይል ቦይንግ 757 ያን ነጥብ ካለፈ በኋላ ትንበያው ያልተናገረው ጭጋግ ጠበቀው። ሌላ የሚሄድበት ሜዳ የለውም። ከብዙ ጥበቃና ከከሸፈ ሙከራ በኋላ ከተፈቀደው የዕይታ ወሰን በታች በሆነ አየር ውስጥ አረፈ፤ ከ100 በላይ የሆኑት መንገደኞቹም በሕይወት ወጡ። የእኛው የሮቤ አብራሪ እንዲህ ያለ ጭንቅ የለበትም። አዲስ አበባ ከኋላው አለች፤ ሐዋሳም አለች። መመለሻ አለው ማለት ነው። እኛ በመጠበቂያው ክፍል ስናጉረመርም የምንጠይቀው፣ ይህን ያለውን መመለሻ እንደሌለው እንዲቆጥረው ነው።

መቸም ይህ ትምህርት ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በሰኔቲ በኩል ወደ ደሎ መና የሚሻገር ባለ ፈረስ ጎባ ላይ ሆኖ ወደ ተራራው ይመለከታል፤ ተራራው ከተሸፈነ ፈረሱን ይፈታና ያድራል። ዋቤ ሸበሌ ሲሞላም ነጋዴው ጭነቱን አውርዶ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ይሰፍራል። እነዚህን ሰዎች ፈሪ ያላቸው ማን አለ? ከመሞት መሰንበት የሚለው ተረት የእነሱ ነው። ታዲያ ለበቅሎ የፈቀድነውን ማስተዋል ለአይሮፕላን የምንከለክለው የትኬቱ ዋጋ ስለ ከበደን ይሆን?

ጓደኛችን ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «ይሁን» አለ። «አይሮፕላኑ ከአደጋ ሸሸ፤ እናትየውስ? እሳቸው በዚያው ቀን በሚኒባስ ሄዱ። የአገራችን መንገድ የሚጨርሰው ሰው በአይሮፕላን ከሚያልቀው ይበልጣል። አብራሪው አደጋውን አላጠፋውም፤ ወደ መኪናው አሸጋገረው።» ይህ ትክክለኛ ነገር ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። ነገር ግን መልሱ አብራሪውን ማደፋፈር አይደለም። ልጁን ወደ ሞት ሜዳ በፍጥነት ማውረድ ሕክምና አይባልም። ቁጣችን ትክክለኛ ቁጣ ነው፤ አድራሻው ብቻ ነው የተሳሳተው።

የቁጣችን ትክክለኛ አድራሻ የት ነው ቢሉ፣ መጀመሪያ ያቺ «ተመልሷል» የምትባል ቃል ናት። ጭጋጉ እስከ ስንት ሰዓት ይነሣ ይሆናል? ሁለተኛ ሙከራ አለ ወይ? ይህን በኦሮምኛና በአማርኛ ቆሞ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ነጋዴው «ፈሪ» ባላሉ፣ እናትየውም መኪና ይሻል እንደ ሆነ ወይስ መጠበቅ፣ አውቀው በወሰኑ ነበር። ሕዝብ ምክንያቱ ከተነገረው ይታገሣል፤ ካልተነገረው ግን ራሱ ምክንያት ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ሁልጊዜ ክፉውን ነው።

ቀጥሎ ያለው የመሣሪያ ነገር ነው። በአላስካ፣ አገሩ ተራራና ጭጋግ ስለ ሆነ፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በየተራራው በርና በየትንንሹ ሜዳ ከ200 በላይ የካሜራ ጣቢያዎችን ተክሏል፤ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የሚሻገርበትን ሰማይ በፎቶግራፍ ያየዋል። ይህ ለእኛ የማይቻል ሕልም አይደለም። በቱሉ ዲምቱ ራስ ላይ የቴሌ ምሰሶ ቆሟል፤ መንገድም እስከዚያ ይወጣል። እዚያ አንድ ካሜራ፣ ጎባ ላይ አንድ፣ ሮቤ ሜዳ ዳር አንድ ቢተከሉ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በከንቱ የሚመለስ አይሮፕላን አይቀንስም ወይ? የምህንድስና ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሆን አርእስት በማጣት ሲንገላቱ እናያለን፤ ይኸውላችሁ። ለሕሙማን ደግሞ ጭጋግ በተነሣበት ቀን ከሆስፒታል እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ አምቡላንስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆም አለበት እንላለን። ጭጋግ በባሌ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ የምንደነግጥበት ግን እኛ ነን። ሳይቃጠል በቅጠል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያ «ለእገሌ እደውላለሁ» የሚለው ነገር። ያን ዕለት ስልኩ ምንም አላመጣም፤ ጭጋጉም አልሰማ። ነገር ግን አንድ ቀን ስልኩ የሚሰማበት፣ የታችኛው ሠራተኛ «ከላይ ታዟል» የሚባልበት፣ ወጣቱ አብራሪም «ያለፈው ሳምንት የተመለሰው ተገሥጿል» ብሎ ወሬ የሚሰማበት ጊዜ ቢመጣስ? እንዲህ ያለ ወሬ ካንድ ጊዜ በላይ ከተሰማ የተጻፈው ዝቅተኛ ከፍታ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። እነሆ፣ ይህንን መጽሔት የምናነብ ተማሪዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ሙሉ ልብስ የምንለብስ፣ ስልክ የሚመለስልን ሰዎች እንሆናለን። እገሌ የምንባለው እኛው ነን። ስለዚህ ይህን ነገር ማሰብ የሚገባን ዛሬ፣ ገና የምንደውልለት ሰው ሳይኖረን ነው።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። እንግዳችንን በጠዋት አይሮፕላን አምጥተን በዚያው ቀን ከሰዓት ለማናገር የወሰነው ማንም ሳይሆን የእኛው የዝግጅት ኮሚቴ ነው። የባሌ ልጆች «ጭጋግ ቢሆንስ?» ብለው ነበር፤ አልሰማናቸውም። የሆቴሉን ኪራይ የአንድ ሌሊት ለማዳን ስንል፣ አንድ አብራሪ በሰዓታችን እንዲያርፍ ያለ ቃል ጫና የምናደርግ ሰዎች ሆንን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

እንግዳው መምህር ሐሙስ ጠዋት በጠራ ሰማይ ገቡ፤ ንግግራቸውንም ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነበት አዳራሽ አደረጉ። እናትየውን በተመለከተ፣ ከሸኟቸው ጓደኞቻችን አንዱ ማክሰኞ ሌሊት ደውሎላቸው ነበር፤ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ልጁ ሆስፒታል መግባቱን ነግረውታል። የዝግጅት ኮሚቴውም ትናንት ተሰብስቦ ነበር። የሚቀጥለው እንግዳ የሚናገሩት ቅዳሜ ነው፤ ትኬታቸው የሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ጭጋግ ከሆነ ዐርብ አለ፤ ዐርብም ከሆነ የአንድ ጓደኛችን አጎት መኪና ተለምኗል። የሁለት ሌሊት አልጋ ጎባ ላይ ተይዟል፤ ገንዘቡም ከማስታወቂያው ቀለም ላይ ተቀንሷል።